ሳያስመልሰኝ ለምን የማስታወክ መከላከያ መድኃኒት ተሰጠኝ?

እዚህ ጎንደር የማህፀን ኦፕሬሽን የሚጠብቁ እህቶች ይህን ደጋግመው ይጠይቃሉ። መድኃኒቱ የሚሰጠው ማስታወክ ስለጀመረ አይደለም፤ ገና እንዳይጀምር ነው። ከጀመረ በኋላ ማስቆሙ ይከብዳል፤ ቁስሉም ይታመማል።

ማን ይበልጥ ያስፈልገዋል? የአፕፈል መለኪያ የሚባል ቀላል ዘዴ አለ። ሴት ነሽ? ሲጋራ የማታጨሺ ነሽ? ከዚህ በፊት ከኦፕሬሽን በኋላ አስመልሶሻል፣ ወይም መኪና ያስመልስሻል? ከኦፕሬሽኑ በኋላ እንደ ሞርፊን ያለ ማስታገሻ ትወስጃለሽ? ለእያንዳንዱ "አዎ" 1 ነጥብ ነው። ነጥብ ከሌለ ከኦፕሬሽኑ በኋላ የማቅለሽለሽ ወይም የማስመለስ ዕድሉ 10 በመቶ ገደማ ነው፤ 4 ከሞላ ግን ወደ 80 ይጠጋል።

ማህፀኗ በኦፕሬሽን የሚወጣላት አንዲት እናት እንበል። ሲጋራ አታጨስም፤ ሊማሊሞን በአውቶቡስ ስትወርድ ሁሌ ያስመልሳታል። ሞርፊኑ ሳይቆጠር 3 ነጥብ ሞላች፤ 60 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ለእሷ አንድ መድኃኒት ብቻ ያንሳል፤ ሁለት ዓይነት ቢጣመር ይሻላል። ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታዞን ማደንዘዣው ሲጀመር፣ ኦንዳንሴትሮን ደግሞ ኦፕሬሽኑ ሊያልቅ ሲል ይሰጣል።

ከሰው ሰው የሚለያየው ምርጫውና መጠኑ ነው። ዴክሳሜታዞን ስኳር ከፍ ያደርጋል፤ ኦንዳንሴትሮን የልብ ምት ችግር ላለበት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስለዚህ እባካችሁ፣ እነዚህንም ሆነ መኪና እንደሚያስመልሳችሁ ለማደንዘዣ ባለሙያው ሳትጠየቁ ንገሩ።