ከልክ በላይ የሆነ ጭነት ወደ ኮምቦልቻ፦ ተጨማሪ ክፍያው ከየት ይመጣል፣ እንዴትስ ይቀነሳል

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቁ፣ የቢራውና የብረታ ብረቱ ፋብሪካዎች፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውም የኢንዱስትሪ ፓርክ ማሽን የሚያስገቡት በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ነው። ቦይለር፣ የማቅለሚያ ማሽን፣ የቢራ ታንክና ትልልቅ ትራንስፎርመር ግን በተራ ኮንቴይነር በር አይገቡም። እንዲህ ያለው ዕቃ ከመደበኛው የማጓጓዣ ዋጋ ሌላ ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቅበታል። የክፍያው መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው ማሽኑ ገና በፋብሪካው ሥዕል ላይ ሳለ ነው። ዕቃው ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ ለድርድር የሚቀረው ጥቂት ነው።

የ40 ጫማ ሃይ ኪዩብ ኮንቴይነር በውስጥ 12.03 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በሩ 2.34 ሜትር ገደማ ስፋትና 2.58 ሜትር ገደማ ቁመት አለው። ተራው ኮንቴይነር በቁመት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ያንሳል። የዕቃው ቁመት ብቻ ከበዛ ጣሪያው በሸራ የሚሸፈነው ኦፕን ቶፕ ይያዝለታል። ስፋቱም ከበዛ ጎኑና አናቱ ክፍት በሆነው ፍላት ራክ ላይ ይጫናል። ከዚያም ካለፈ ያለ ኮንቴይነር፣ እንደ ልቅ ጭነት ይሄዳል።

መርከብ ላይ ኮንቴይነሮች የሚደረደሩት ትከሻ ለትከሻ ነው። የፍላት ራክ የውጭ ስፋት 2.44 ሜትር ስለሆነ 2.60 ሜትር ስፋት ያለው ሳጥን ሲጫንበት በየጎኑ 8 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ያቺ 8 ሴንቲ ሜትር በግራና በቀኝ ሌላ ኮንቴይነር እንዳይቀመጥ ታደርጋለች። ቁመቱም ከማዕዘኖቹ ካለፈ ከላዩ ምንም አይደረብም። የመርከብ ድርጅቱ ሊሸጠው ያልቻለውን ቦታ ዋጋ ከዚሁ ዕቃ ባለቤት ይጠይቃል። ስለዚህ በየጎኑ 8 ሴንቲ ሜትር የወጣ ዕቃና 40 ሴንቲ ሜትር የወጣ ዕቃ ብዙውን ጊዜ የሚከፍሉት እኩል ነው። ከፍላት ራኩ የሚወጣውን መቀነስ ብቻውን አይበቃም፤ ጨርሶ ማጥፋት ነው የሚጠቅመው።

በዚህ ላይ የወደብ ወጪ ይጨመራል። ከማዕዘኖቹ በላይ የረዘመ ዕቃ የያዘ ፍላት ራክ በተለመደው የክሬን መያዣ አይነሳም፤ የተለየ ፍሬም ወይም ሰንሰለት ይፈልጋል፤ ሥራውም ይዘገያል። ለከባድ ነጠላ ዕቃና ለረጅም ዕቃ፣ በተለይ ከ12 ሜትር ለሚያልፈው፣ ብዙ ድርጅቶች ለየብቻ ያስከፍላሉ።

ልቅ ጭነት ደግሞ የሚታሰበው በቶን ወይም በሜትር ኩብ፣ በሚበልጠው ነው። 4.00 በ2.60 በ3.10 ሜትር የሆነ 9 ቶን ሳጥን 32.24 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ የሚከፈለውም በ9 ሳይሆን በ32.24 ተባዝቶ ነው። የዚሁ ማሽን ጭስ ማውጫ፣ ሞተርና መወጣጫ ተፈተው ለብቻ ቢታሸጉ፣ የቀረው አካል 4.00 በ2.25 በ2.50 ሜትር ቢሆን፣ 22.5 ሜትር ኩብ ብቻ ይሆናል። ከዚያም የሚበልጠው ጥቅም በሃይ ኪዩብ በር ማለፉ ነው፤ በየጎኑ 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ ከላይ 8 ሴንቲ ሜትር ይተርፈዋል። ልዩ መሣሪያና ልዩ ክፍያ ቀረ ማለት ነው። ሲፈታ የሚጠፋው ጊዜና ሲገጠም የሚጠራው ባለሙያ ዋጋ ከዚህ ጋር ይነጻጸር። ግፊት ተሞክሮ የታሸገ ቦይለርን መፍታት ግን አይመከርም፤ ዋስትናው ሊቀር ይችላል።

ከሻጩ የሚጠየቀው ልክ የማሽኑ ሳይሆን የታሸገው ሳጥን ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ የሚባክነው። ካታሎግ 2.50 ሜትር ብሎ የጻፈው ማሽን ከሥሩ 12 ሴንቲ ሜትር የእንጨት እግር፣ ከላይ የማንሻ ቀለበትና ጣውላ ሲጨመርበት በበሩ የማያልፍ ይሆናል። ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት ርዝመት፣ ስፋት፣ ቁመት፣ ጠቅላላ ክብደት፣ የክብደት ማዕከልና የማንሻ ነጥቦች ያሉበት የማሸጊያ ሥዕል ይጠየቅ። የመርከብ ድርጅቱ ቦታ የሚፈቅደው ይህን ሥዕል አይቶ ነው። ተርሚናሉ ሲለካ ልዩነት ካገኘ ዕቃው ከመርከቡ ይቀራል፤ አዲስ ዋጋ ይወጣል፤ የወደብ ማከማቻም መቁጠር ይጀምራል።

የማጓጓዣ ዋጋው በፕሮፎርማው (ሻጩ አስቀድሞ በሚልከው የዋጋ ማቅረቢያ) ላይ ከነተጨማሪ ክፍያው ተለይቶ ይጻፍ። ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ማረጋገጫ) ከተከፈተ በኋላ የመጣ ጭማሪ ማሻሻያ ይጠይቃል፤ ማሻሻያው ደግሞ የባንክ ክፍያና ቀናት አሉት። ሌላው የሚዘነጋው ቀረጥ ነው። የቀረጥ ማስከፈያ ዋጋ ዕቃውን፣ ኢንሹራንሱንና ማጓጓዣውን ደምሮ ስለሚይዝ ተጨማሪ ክፍያውም ይቀረጥበታል። 10 በመቶ ቀረጥ ባለው ዕቃ ላይ 1,000 ዶላር ጭማሪ ቢመጣ፣ 100 ዶላር ቀረጥ፣ በ1,100ው ላይ ደግሞ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 165 ዶላር፣ በድምሩ 265 ዶላር የሚያህል ብር ይከተላል። በኢንቨስትመንት ማበረታቻ ከቀረጥ ነጻ የሚገባ ማሽን ይህ ቀረጥ አይነካውም።

ከጅቡቲ በኋላ ጥያቄው ቁመት ነው። መንገዱ በጋላፊ፣ በሰመራና በሚሌ አልፎ ወደ ባቲ ይወጣል። 3.10 ሜትር ቁመት ያለው ሳጥን ከነፍላት ራኩ በተራ ተሳቢ ላይ ቢጫን፣ የተሳቢው ወለል 1.50፣ የፍላት ራኩ ወለል 0.65 ተጨምሮ ከመሬት 5.25 ሜትር ይሆናል። ያው ሳጥን ከፍላት ራኩ ወርዶ ወለሉ 0.95 ሜትር በሆነ ሎቤድ (ወለሉ ዝቅ ያለ ተሳቢ) ላይ ቢጫን 4.05 ሜትር ነው። ልዩነቱ በየከተማው መንገድ አቋርጦ ለተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ ትልቅ ነው። ከተፈቀደው ስፋት፣ ቁመት ወይም የአክስል ክብደት (በአንድ የጎማ ዘንግ ላይ የሚያርፍ ክብደት) ያለፈ ጭነት ልዩ የመንገድ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱ ዕቃው መርከብ ላይ እያለ ካልተጀመረ ወደቡ ላይ ይጠብቃል።

ዕቃውን ጅቡቲ ላይ ማውረድ ሌላም ጥቅም አለው፤ ፍላት ራኩ እዚያው ይመለሳል። እስከ ኮምቦልቻ ከወጣ ግን ባዶውን መልሶ ማድረስ የባለቤቱ ወጪ ይሆናል። ለልዩ ኮንቴይነር የሚሰጠው ነጻ ጊዜ (ያለ ክፍያ የሚያዝበት ጊዜ) ብዙ ጊዜ ያነሰ፣ የቀን ቅጣቱም የበዛ ነው። በአንጻሩ ጅቡቲ ላይ ማውረድ የክሬንና የማሰሪያ ወጪ አለው፤ ዕቃው ሁለቴ ስለሚነሳም የመጎዳት ዕድሉ ይጨምራል። ሸክሙ በአንድ ውል እስከ ደረቅ ወደቡ በመልቲሞዳል (ባሕሩንም የብሱንም አንድ አጓጓዥ ይዞ) የሚመጣ ከሆነ፣ ማን የት እንደሚያወርድ አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ይገባል።

የጉዞው ቀንም ይታሰብበት። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ ሰፊ ሎቤድ በዚያ ቀን ከተማዋን ማቋረጥ የለበትም። ወደ ደሴ የሚቀጥል ጭነት ደግሞ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት መውጣት አለበት። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስትሆን መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ለረጅም ሎቤድ የሚወስነው ኩርባው ነው። ስለዚህ ከ12 ሜትር የሚረዝም ዕቃ ከመነሳቱ በፊት ሾፌሩ መንገዱን አይቶ፣ የጠባቡን ኩርባ ስፋት በሜትር ለክቶ መምጣት አለበት። የማውረጃው ክሬን በከተማው ከሌለ ከአዲስ አበባ ይጠራል፤ ክሬኑ የሚቀጠረውም ሎቤዱ ከጅቡቲ ሲነሳ እንጂ ሚሌ ሲደርስ አይደለም።