ግትር ስኖውቦርድና ኃይለኛ ነጂ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የእህቴ ልጅ ለመስቀል ከዴንቨር ሐዋሳ መጥቶ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቄጤማ ተጎዝጉዞ ቡና እየተፈላ ሳለ ስልኩን አውጥቶ አንድ ስኖውቦርድ፣ ማለትም ሁለት እግር ታስሮበት በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን ሳንቃ፣ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይኼን ልገዛ ነው። ከሁሉም ግትሩ እሱ ነው» አለኝ። ርዝመቱ 164 ሴንቲ ሜትር፣ ግትርነቱ፣ ማለትም አልታጠፍ ባይነቱ፣ በአምራቹ መለኪያ ከ10 ዘጠኝ፣ ዋጋው ከ700 ዶላር በላይ። ልጁ 63 ኪሎ ነው፤ በረዶ ላይ ከወጣ ገና ሦስተኛ ዓመቱ ነው።

እኔ ዴንቨር ከኖርኩባቸው 11 ዓመታት ስድስቱን የሠራሁት የበረዶ ስፖርት ዕቃ መጠገኛ ውስጥ ነው፤ የቦርድ ጠርዝ ስስል፣ ሰም ስቀባ፣ ድንጋይ የቀደደውን ሆድ ስደፍን። በየዓመቱ ጥር ላይ አንድ ዓይነት ሰው ይመጣ ነበር። ወጣት ነው፣ ጉልበተኛ ነው፤ በታኅሣሥ የሱቁን ግትር ቦርድ ገዝቶ በጥር ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ «ግዙኝ» ይላል። አንዳንዶቹ ቦርዱን ብቻ ሳይሆን ስፖርቱንም ጨርሰው ተዉት። የእህቴ ልጅ ከእነሱ አንዱ እንዲሆን ስላልፈለግሁ ከአቦል እስከ በረካ ተከራከርን። ወደ ካልጋሪ ለመሄድ ፕሮሰስ ላይ ያሉ ሁለት የሠፈራችን ልጆችም አብረውን ስለነበሩ የእነሱም ጥያቄ ተጨመረ። የዚያን ዕለት የተነሡትን ሐሳቦች ነው እዚህ የማስቀምጠው።

ልጁ ያሳየኝ ለፍሪራይድ የተሠራ ቦርድ ነው። ፍሪራይድ የሚባለው ማሽን ባልደለደለው ተራራ ላይ፣ በዛፍ መሀል፣ በገደላማ ቁልቁለትና በጥልቅ በረዶ መንዳት ነው። ለዚህ የሚሠራው ቦርድ አብዛኛውን ጊዜ አፍንጫው ረዘም፣ ጅራቱ አጠር፣ ሰውነቱ ግትር ይላል።

«ጠንካራ ቦርድ አይሰበርም»

ጥፋቱ የቃሉ ነው። በአማርኛ «ጠንካራ» ስንል የማይታጠፈውንም የማይሰበረውንም ማለታችን ነው። ቦርድ ላይ ግን ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ እኔ «ግትር» የሚለውን እመርጣለሁ። ቦርድ ውስጡ እንጨት ነው፤ ብዙ ጊዜ ፖፕላር ወይም ፓውሎኒያ የሚባል ቀላል ዛፍ። ከላይና ከታች ፋይበርግላስ በሬዚን ይለጠፍበታል፣ ዙሪያውን የብረት ጠርዝ ይገባለታል፣ ሆዱ ፖሊኤቲሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው። ግትርነቱ የሚመጣው ከእንጨቱ ውፍረት፣ ከፋይበሩ አቅጣጫና ከሚጨመረው ካርቦን ነው። የሚበላሸው ደግሞ ድንጋይ ሲመታው፣ ጠርዙ ሲሰነጠቅና በስንጥቁ ውኃ ገብቶ ንብርብሩ ሲላቀቅ ነው። ግትሩም ልሉም እኩል ወደ እኛ ይመጡ ነበር።

«ቲታናል ያለበት ቦርድ ቲታኒየም ነው»

አይደለም። ቲታናል ኦስትሪያ ውስጥ የሚሠራ የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ስስ ሉህ ሆኖ በንብርብሩ መሀል የሚገባውም በዋናነት ንዝረት እንዲውጥ ነው። ስሙ ብቻ ዋጋ እንዲያስጨምራችሁ አትፍቀዱ።

«ዘጠኝ ማለት ዘጠኝ ነው»

የግትርነት ቁጥር ሁሉም አምራች የሚስማማበት መለኪያ የለውም። ኪሎና ሜትር አይደለም። አንዱ ፋብሪካ ሰባት ያለው ሌላው ጋ ዘጠኝ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ የሚጠቅመው የአንድ አምራች ቦርዶችን እርስ በርስ ለማነጻጸር ብቻ ነው።

ደግሞ ግትርነት አንድ አይደለም። ቦይ ላይ የተጋደመ ሳንቃ ስትረግጡት መሀሉ ይጎብጣል፤ ያ የርዝመት ግትርነት ነው። ፎጣ ስትጨምቁ ሁለቱ ጫፎች በተቃራኒ ይዞራሉ፤ ቦርድም እንዲሁ ይጠመዘዛል። ይህ ሁለተኛው፣ የመጠምዘዝ ግትርነት፣ ጠጣር በረዶ ላይ ወሳኙ ነው። እግራችሁ ሥር ያለው ጠርዝ በረዶውን ነክሶ ይዞ፣ አፍንጫው ላይ ያለው ግን በመጠምዘዙ ከለቀቀ ቦርዱ በመጣጠፊያው ላይ ይሾልካል። ሱቅ ውስጥ ቦርድ አቁመው መሀሉን በጉልበታቸው የሚጫኑ ሰዎች የሚያዩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ያም ቢሆን ሙሉ የሰውነት ክብደትና ፍጥነት የሚያደርገውን እጅ አያደርገውም።

ቅርጹም ቁጥሩን ይለውጠዋል። መሬት ላይ ሲቀመጥ መሀሉ ከፍ የሚለው ካምበር፣ ስትቆሙበት ጫፎቹን ወደ በረዶው ይጫናል። ሮከር ተቃራኒው ነው፤ ጫፎቹ ቀድመው ወደ ላይ ይነሣሉ። እኩል ቁጥር የተጻፈባቸው ካምበርና ሮከር እግር ሥር ፈጽሞ አይመሳሰሉም።

«ኃይለኛ ነጂ ማለት ደፋር ነጂ ማለት ነው»

ብዙ የተከራከርነው እዚህ ላይ ነው፣ ሁሉም ነገር የሚቋጠረውም እዚህ ይመስለኛል። የእህቴ ልጅ «እኔ አልፈራም፣ ስለዚህ ለኃይለኛ ነጂ የተሠራው ለእኔ ነው» ይላል። ድፍረቱን አውቃለሁ። ግን የቦርድ ሠሪዎች «ኃይለኛ» የሚሉት ቦርዱን በጠርዙ አጋድሞ፣ በእግሩ ተጭኖ፣ እስኪጎብጥ ድረስ ጫናውን ሳይለቅ የሚይዘውን ሰው ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቦርዱን ከላይ ስታዩት ወገቡ ቀጠን ይላል። ያ የጎን ቅስት ሳይድከት ይባላል፤ የአንድ ትልቅ ክብ ቁራጭ ነው፣ ፍሪራይድ ቦርድ ላይ የክቡ ሬዲየስ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ሜትር ነው። ቦርዱ በጠርዙ ሲጋደም ቅስቱ በረዶውን ለመንካት መጎበጥ አለበት፤ በጎበጠ ቁጥርም ኩርባው ይጠባል። 8 ሜትር ሳይድከት ያለው ቦርድ 60 ዲግሪ ሲጋደም፣ ጠርዙ በሙሉ በረዶውን እስኪነካ ከጎበጠ፣ ኩርባው ወደ 4 ሜትር ሬዲየስ ይወርዳል። «ከጎበጠ» ያልኩትን ልብ በሉ። የሚያጎብጠው ድፍረት አይደለም፤ ክብደት፣ ፍጥነትና የእግር ቴክኒክ ነው።

63 ኪሎ የሆነ ልጅ በሦስተኛ ዓመቱ ፍጥነት ግትሩን 164 ሲጋደምበት ቦርዱ ቀጥ እንዳለ ይቀራል። አልታጠፍ ሲለው በኋላ እግሩ እየገፋ ጅራቱን ያንሸራትተዋል። ቁልቁለቱ ሁሉ በመገፍተር ያልፋል፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ጭኑ ይቃጠላል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መውደቅ ነው። ያንኑ ቦርድ 88 ኪሎ የሆነ ልምድ ያለው ሰው ቢይዘው መካከለኛ ሆኖ ይሰማዋል። ስለዚህ ቁመታችሁን ከቦርዱ ጋር አቁማችሁ አገጭ ላይ ደረሰ፣ አፍንጫ ላይ ደረሰ የምትሉት ሁለተኛ ነው። አስቀድማችሁ ከእያንዳንዱ ርዝመት አንጻር የተጻፈውን የኪሎ ሠንጠረዥ አንብቡ፤ አብዛኞቹ አምራቾች ያወጡታል።

«ታዲያ ጉልበቴን ባሳድግስ?» አለኝ። ጉልበት ይረዳል፣ ግን ቦርድ የሚገዛው ዛሬ ላለው ሰው ነው አልኩት።

«ክብደቱ ቀላል የሆነ ቦርድ ሁሌም ይሻላል»

ዳገት በእግር ለሚወጣ ሰው ቀላልነት በረከት ነው። ወደ ታች በፍጥነት ለሚወርድ ግን ሌላ ጥያቄ አለ። ከአቶቴ ወደ ውስጥ በሚገባው ኮብልስቶን ላይ ባዶ ባጃጅና ጭነት የያዘ አይሱዙ ሲያልፉ አይታችኋል። ባጃጁ በእያንዳንዱ ድንጋይ ይዘላል፤ አይሱዙው ይንገጫገጫል እንጂ መስመሩን አይለቅም። ብዙ ሰው ነድቶበት የተቆራረጠና የተከመረ በረዶ ልክ እንደዚያ ኮብልስቶን ነው። በጣም የቀለለና በካርቦን የተገተረ ቦርድ እያንዳንዷን ጉብታ ወደ ጉልበታችሁ ያደርሳታል። ትንሽ ክብደት ያለውና ንዝረት የሚውጥ ንብርብር የገባበት ደግሞ ሰንጥቆ ያልፋል። እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል 300 ግራም የሚከብደውን ያለማመንታት እወስዳለሁ።

«ግትር ቦርድ ጥልቅ በረዶ ላይ ይሰምጣል»

ይህን ያለው ከካልጋሪ ተጓዦቹ አንዱ ነው፤ ቪዲዮ ላይ ሰምቶ። ፍቅር ሐይቅ ሄዳችሁ የሞተር ጀልባ ሲነሣ ተመልከቱ። ቀስ ሲል ውኃው ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚሄደው፤ ሲፈጥን አፍንጫውን ቀና አድርጎ በላዩ ይንሸራተታል። የጀልባው እንጨት ግን ከቅድሙ አልለሰለሰም። ቦርድም በጥልቅ በረዶ ላይ የሚንሳፈፈው በስፋቱ፣ በፍጥነቱና በቅርጹ ነው። ሰፋ ብሎ ቀና ያለ አፍንጫ፣ ከአፍንጫው በ10 ወይም በ20 ሚሊ ሜትር የጠበበ ጅራት፣ እግራችሁም ከመሀል 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ መቆሙ፤ ሥራውን የሚሠሩት እነዚህ ናቸው። ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ያለው የማውንት ቤከር መንሸራተቻ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1998 እና 1999 መካከል በነበረው ወቅት 28.96 ሜትር በረዶ ወርዶበት የዓለም ክብረ ወሰን ይዟል። እንዲህ ባለ ተራራ ላይ ግትር ፍሪራይድ ቦርድ ይዘው የሚወጡት ብዙ ናቸው።

«ቦርዱ ጥሩ ከሆነ ቡቱ የተገኘው ይሁን»

ጉልበታችሁ ወደ ቦርዱ የሚደርሰው በቡትና ቡቱን ከቦርዱ ጋር በሚያስረው ባይንዲንግ በኩል ነው። ልል ቡት ግትር ቦርድን አያዝዝም። ጫማችሁ ከ44 ቁጥር በላይ ከሆነ ደግሞ ወገቡ ሰፊ ቦርድ ያስፈልጋችኋል፤ ያለዚያ ስትጋደሙ የቡቱ ጫፍ በረዶውን ነክቶ ጠርዙን ያስለቅቃችኋል።

«ልምድና ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው የበረዶ ናዳ አያገኘውም»

ይኼን ልጆቹ አላነሡትም፣ እኔ ነኝ ያነሣሁት። ክሬግ ኬሊ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ ውድድር ትቶ ወደ ፍሪራይድ የዞረ፣ ብዙዎች ከምንጊዜውም ምርጥ የሚሉት ነጂ ነበር። የተራራ መሪ ለመሆን እየተማረ ሳለ በጥር 2003 በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በወረደ ናዳ ከስድስት ሰዎች ጋር ሞተ። አብዛኛው ናዳ የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ቁልቁለት ላይ ነው፤ ግትር ቦርድ የገዛ ሰው የሚመኘውም ያንኑ ቁልቁለት ነው። ከተከለለው መንሸራተቻ ውጭ የሚወጣ ሰው በናዳ ቢቀበር ያለበትን የሚጠቁም የሲግናል መሣሪያ፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ይዞ፣ አጠቃቀማቸውን ተምሮ፣ አብሮት የሚወጣ ሰው ኖሮት ይውጣ። የተቀበረ ሰው የመትረፍ ዕድል ከመጀመሪያዎቹ 10 እና 15 ደቂቃዎች በኋላ በፍጥነት ይወርዳል። የእርዳታ ቡድን እስኪመጣ የሚያደርስ ጊዜ አይደለም።

«አንድ ዙር ከነዳሁት አውቀዋለሁ»

አማርኛችን ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውንም፣ ተራራ ላይ እንደ ጥጥ የሚከመረውንም «በረዶ» ይለዋል። ቦርድ ለመፈተን ግን ቢያንስ ሦስቱን መለየት ያስፈልጋል፦ ጠዋት ማሽን የደለደለው ጠጣሩ፣ ያልተነካው ጥልቁ፣ ከሰዓት በኋላ የተቆራረጠው። ጠዋት በተደለደለው ላይ ሁሉም ቦርድ ደስ ይላል። ሰው የሚታለለውም በዚያ ሰዓት ነው።

ከተራራው ሥር ያሉ ብዙ ሱቆች የመሞከሪያ ቦርድ ያከራያሉ። ለእህቴ ልጅ የነገርኩት እንዲህ ነው። የራስህን ቡት አድርግ፤ የእግርህ ርቀትና አቋቋም በሁለቱም ቦርድ ላይ አንድ ይሁን። ጠርዙ መሳሉን በጥፍርህ ፈትን፤ ጥፍርህን ካልፋቀ የምትፈትነው ቦርዱን ሳይሆን የደነዘ ጠርዙን ነው። አንዱን ቁልቁለት ሦስት ጊዜ ውረድ፤ አንዴ በፍጥነት፣ አንዴ በዝግታ፣ አንዴ በአጫጭር ኩርባ። በፍጥነት ሲሆን አፍንጫው ይንቀጠቀጣል ወይ? በዝግታ ስትሆን ይታዘዝሃል ወይ? ድንገት ሰው ፊትህ ቢቆም ታቆመዋለህ ወይ? በዛፍ መሀል የሚያድንህ የመጨረሻው ነው። ከዚያ ምሳህን በልተህ፣ ጭንህ ሲዝል፣ 8 ሰዓት ላይ ያንኑ ድገመው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ዴንቨርም 1,609 ላይ፤ እዚያው ኮሎራዶ ያለው የአራፓሆ ቤዚን መንሸራተቻ ጫፍ ግን ወደ 3,970 ሜትር ይደርሳል። እዚያ አየሩ ስስ ነው፣ እግር ከምታስቡት ቀድሞ ይደክማል። የደከመ እግር ደግሞ ስለ ቦርድ አይዋሽም።

በኅዳር መጨረሻ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ሁለት ቦርድ ተከራይቶ ነበር፤ የፈለገውን 164 እና በዚያው አምራች መለኪያ ሰባት የተባለውን 156። ጠዋት ላይ 164ቱን ወዶታል፣ ሊከፍልም ተነሥቶ ነበር። ምሳ በልቶ በተቆራረጠው በረዶ ላይ ሲደግመው ግን ሁለት ጊዜ ሊያቆመው ፈልጎ አልቆመለትም። «ጋሼ፣ በ156ቱ እኮ ታጠፍኩ። ሳልገፋው ታጠፍኩ» ይላል፣ ትንፋሹ ገና አልሰበሰበም። 156ቱን ወሰደ።