የካሴት ጌም፦ ያ ጩኸት ራሱ ጌሙ ነበር

«የካሴት ጌም» ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ቴሌቪዥን ላይ ሰክተን ማሪዮ የምንጫወትበት ማሽን ነው። አናቱ ላይ የሚሰካውን የፕላስቲክ ሳጥን «ካሴት» እንለው ነበር። ጃፓኖችም እንደዚያው ይሉታል። ውስጡ ግን ክር የለም፣ ቺፕ ነው ያለው። እኔ የማወራው ስለ ዋናው ካሴት ነው፦ ዘፈን ስለምንሰማበት፣ ክሩ ሲላላ በእስክርቢቶ ስለምናጠነጥነው። በ1980ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው) የእንግሊዝ ልጆች ጌም የሚጫወቱት በዚያ ነበር።

«ልዩ ካሴትና ልዩ ማጫወቻ ይፈልጋል» የሚሉ አሉ። አይፈልግም፤ በ1982 የወጣው ዜድኤክስ ስፔክትረም የተባለ የእንግሊዝ የቤት ኮምፒውተር ከቤት ቴሌቪዥንና ከተራ ቴፕ ጋር ነበር የሚገናኘው። ርካሹ 125 ፓውንድ ይሸጥ ነበር። ጌሙ ካሴቱ ላይ የተቀዳው በድምፅ ነው፤ ኮምፒውተር ሁሉንም ነገር የሚጽፈው በዜሮና በአንድ ስለሆነ፣ ለዜሮ አጭር ሞገድ፣ ለአንድ ደግሞ እጥፍ የሚረዝም። ቴፕ ላይ ከፍተህ ብትሰማው ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ነው። የራሱን ማጫወቻ የሚፈልገው ኮሞዶር 64 የተባለው ሌላ ኮምፒውተር ነበር።

«ስንጫወት ካሴቱ እየዞረ ነው»? በአብዛኛው አይደለም። መጀመሪያ ጌሙ በሙሉ ወደ ኮምፒውተሩ ሜሞሪ ይገባል። 48 ኪሎባይት ለመሙላት አምስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። እስከዚያ የስክሪኑ ዳርና ዳር በሰማያዊና በቢጫ መስመር ይርገበገባል። ገብቶ ካለቀ በኋላ ካሴቱን አውጥተህ ዘፈን ብትከፍትበትም ግድ የለውም። መብራት ከጠፋ ግን (ይህንን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም) እንደገና ከአንድ ነው።

በጣም የተለመደው ስህተት ደግሞ «አልገባ ካለ ካሴቱ ተበላሽቷል» የሚለው ነው። ስንቱ ደህና ካሴት በዚህ ተጥሏል! ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቴፑ ነው። ድምፁ ሲያንስም ሲበዛም ኮምፒውተሩ አይሰማም። የቴፑ ሄድ (ክሩን የሚያነበው ክፍል) ሲቆሽሽ ወይም ትንሽ ሲያጋድል፣ ዘፈን ቢሆን ትንሽ ይደፈን ነበር እንጂ ይሰማል። ጌም ግን እንዲህ ያለ ይሉኝታ የለውም፤ አንዲት ዜሮ ወደ አንድ ከተለወጠች በቃ። ይባስ ብሎ ስፔክትረም የገባው ትክክል መሆኑን የሚያመሳክረው እያንዳንዱ ክፍል ገብቶ ሲያልቅ ነው። ልጁ ደቂቃዎች ጠብቆ፣ ልክ ሊጀምር ሲል «ቴፕ ሎዲንግ ኤረር» (ከካሴቱ ሲገባ ስህተት አለ) የሚል ጽሑፍ ይመጣበታል። መድኃኒቱ ሄዱን በአልኮል መጥረግ፣ ካልሆነም ጎኑ ያለችውን ብሎን በትንሽ ካቻቪቴ ዞር ማድረግ ነበር።

«ጌም በሬዲዮ ይተላለፍ ነበር» ስል የሚስቁብኝ አሉ። እውነት ነው። ድምፅ ከሆነ ሬዲዮ ላይ ለምን አይለቀቅም? ከ1983 ጀምሮ በዩጎዝላቪያ፣ በቤልግሬድ ሬዲዮ አዘጋጁ ዞራን ሞድሊ በ«ቬንቲላቶር 202» ዝግጅቱ ፕሮግራሞችን በአየር ላይ ይለቅ ነበር። አድማጩ በቴፑ ይቀዳና ኮምፒውተሩ ላይ ይከፍታል።

ጌሞቹን ሁሉ ትልልቅ ኩባንያዎች የሠሯቸው የሚመስላቸውም አሉ። በ1983 የወጣውን ታዋቂውን ማኒክ ማይነር የጻፈው ማቲው ስሚዝ ገና ጎረምሳ ነበር።

«እነዚያ ካሴቶች ዛሬ አይሠሩም» የሚለውም ልክ አይደለም፤ በደንብ ከተቀመጡት ብዙዎቹ ዛሬም ይገባሉ። ካሴቱ ከጠፋም ድምፁን ስልክ ላይ ጭኖ፣ ሽቦውን ከስልኩ ወደ አሮጌው ስፔክትረም መሰካት ነው። ያው ጩኸት፣ ያው አምስት ደቂቃ።