ያሻስቪ ጃይስዋል፦ ስለ ወጣቱ የክሪኬት ተጫዋች በስህተት የሚነገሩት እና እውነታው

ሻርጃ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ አርብ በማለዳ ከመኖሪያችን ፊት ለፊት ባለው አሸዋማ ቦታ ላይ የህንድ፣ የፓኪስታንና የባንግላዴሽ ሠራተኞች ክሪኬት ይጫወቱ ነበር። የቴኒስ ኳስ በናስትሮ ይጠቀልላሉ፣ የለስላሳ ሳጥን ደርድረው ያቆማሉ፤ አንዱ ኳሷን ሲወረውር ሌላው መምቻውን ይዞ ሳጥኖቹን ይከላከላል፤ ኳሷን መትቶ በመሮጥም ነጥብ ይሰበስባል። ጨዋታውን የለመድኩት እዚያ ነው። በዚያው ሰሞን ስሙን ደጋግሜ የሰማሁት ልጅ ህንዳዊው ያሻስቪ ጃይስዋል ነበር። አሁን ስለ እሱ በየስልኩ የሚዞረውን አጭር ቪዲዮ ያዩ ወገኖቼ ታሪኩን ሲነግሩኝ፣ ትልቁ ነገር እየተዘለለ መሆኑ ያሳዝነኛል።

«መንገድ ላይ እየሸጠ ያደገ ድሃ ልጅ ነው፤ ዕድል አነሣው»

ችግሩ እውነት ነው። በ2001 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በህንድ ኡታር ፕራዴሽ ግዛት፣ በምንጣፍ ሥራ በሚታወቀው ባዶሂ አካባቢ ተወለደ። አባቱ አነስተኛ የሃርድዌር ሱቅ ነበራቸው። አሥር ዓመት አካባቢ ሲሆነው ክሪኬት ለመጫወት ሙምባይ ገባ። መጀመሪያ የሚያድረው በአንድ የወተት መሸጫ ውስጥ ነበር፤ ቀን ሲጫወት ውሎ ማታ ደክሞት ስለሚተኛና በሥራ ስለማያግዝ ዕቃውን አውጥተው አባረሩት። ከዚያ በኋላ አዛድ ማይዳን በተባለው ሰፊ ሜዳ፣ ከሜዳው ሠራተኞች ጋር በድንኳን ኖረ። ምሽት ምሽት ፓኒ ፑሪ የተባለውን የመንገድ ዳር ምግብ በመሸጥ ያግዝ የነበረበት ጊዜም አለ።

ሰው ታሪኩን የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ቀጥሎ ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ያገኘዋል። በመካከል ግን አሥር ዓመት ገደማ አለ። በ2013 መጨረሻ አሠልጣኙ ጅዋላ ሲንግ ሜዳ ላይ አይቶት ወደ ቤቱ ወሰደው፣ አብሮት አኖረው። ሲንግ ራሱም ተጫዋች ለመሆን ከዚያው ከኡታር ፕራዴሽ ወደ ሙምባይ የመጣ ሰው ነው። የፓኒ ፑሪው ወሬ የዓመታቱን ሥልጠና እየሸፈነው መምጣቱንም በአደባባይ ተቃውሟል። ልክ ነው እላለሁ። በ2015 በአንድ የትምህርት ቤት ጨዋታ ማንም ሳያስወጣው 319 ነጥብ ያስቆጠረው፣ በዚያው ጨዋታም ወርውሮ 13 ተጫዋቾችን ያስወጣው ልጅ፣ ያን ጊዜ የሚያድረው በድንኳን ሳይሆን በአሠልጣኙ ቤት ነበር።

«የመክፈቻ መቺ ሥራው ኳስ ማራቅ ነው»

ዱላና ኳስ ስናይ ገና ጨዋታ ትዝ ይለናል፤ ጥንጓን በኃይል የመታ ጎበዝ ነው። በአገራት መካከል በሚደረገው ረጅሙ ክሪኬት፣ በቴስት ግን ጨዋታው እስከ አምስት ቀን ይዘልቃል፤ መቺው አንዴ ከተሳሳተ ወጥቶ ይቀመጣል። ቀድሞ የሚገባው መቺ ደግሞ የሚጋፈጠው ከሁሉ የከፋውን ነው፦ ኳሷ አዲስ፣ ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ቆዳ ያላት ናት፤ በአየር ላይ ትታጠፋለች፣ መሬት ስትነካም በስፌቷ ምክንያት አቅጣጫ ትቀይራለች። ወርዋሪዎቹም ገና አልደከሙም። በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ለምትመጣ ኳስ ያለው ጊዜ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ነው። በዚያች ቅጽበት ከሁሉ የሚከብደው ውሳኔ ሳይነኩ ማሳለፍ ነው።

ሰኔ 2022 የህንድ የአገር ውስጥ ውድድር በሆነው በራንጂ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ቡድኑ ሙምባይ የገጠመው የጃይስዋልን የትውልድ ግዛት ኡታር ፕራዴሽን ነበር። በመጀመሪያው ዙር 100 አስቆጥሯል። በሁለተኛው ዙር ግን የመጀመሪያዋን ነጥብ ለማግኘት 54 ኳስ ፈጀበት። አንዷን ያሳልፋል፣ አንዷን በመምቻው አለዝቦ እግሩ ሥር ያወርዳል፣ እንደገና ይቆማል። በመጨረሻ ነጥቧን ሲያገኝ ተጋጣሚዎቹ ጭምር አጨበጨቡለት፤ እሱም መቶ እንዳስቆጠረ ሰው መምቻውን ከፍ አድርጎ አመሰገነ። ያን ዙር የጨረሰው በ181 ነው። ስለ ጃይስዋል አንድ ነገር ብቻ አሳይ ብባል የማሳየው እነዚያን 54 ኳሶች ነው።

«የአይፒኤል ገንዘብና ዝና ነው ለቴስት ያበቃው»

አይፒኤል እያንዳንዱ ጨዋታ በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚያልቅበት የህንድ የአጭር ክሪኬት ውድድር ነው። ጃይስዋል የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው መስከረም 2020 እዚያው ሻርጃ ውስጥ፣ በኮቪድ ምክንያት ተመልካች ባልነበረበት ስታዲየም ነው፤ 6 ነጥብ ይዞ ወጣ። በዚያ ዓመት በሦስት ጨዋታ ያገኘው 40 ብቻ ነበር። ለቴስት ያበቃው የአገር ውስጡ ረጅም ክሪኬት ነው። በ2022 በራንጂ ዋንጫ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ከመቶ አለፈ፤ በዚያው ዓመት በዱሊፕ ዋንጫ ፍጻሜ 265፣ በማርች 2023 ደግሞ በኢራኒ ዋንጫ በአንድ ጨዋታ 213 እና 144 አስቆጠረ። በ13 ኳስ 50 ነጥብ የደረሰበትና ዓለም ያወቀው የአይፒኤል ዓመት የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሐምሌ 2023 በካሪቢያኗ ደሴት ዶሚኒካ ላይ በ21 ዓመቱ የመጀመሪያ ቴስቱን ሲጫወት ያንኑ ትዕግሥት ይዞ ገባ፦ 171 ነጥብ፣ በ387 ኳስ። ከዚያን ጊዜው አምበል ከሮሂት ሻርማ ጋር አንዳቸውም ሳይወጡ 229 አስቆጠሩ።

«ጎበዝ መቺ በዜሮ አይወጣም»

ይወጣል፤ መክፈቻ መቺ ደግሞ ከማንም በላይ። በ2024 መጀመሪያ በእንግሊዝ ላይ ሁለት ጊዜ ከ200 አልፎ በአምስት ቴስት 712 ነጥብ የሰበሰበው ይኸው ልጅ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ፐርዝ ላይ ከአውስትራሊያ ጋር ሲገጥም ስምንት ኳስ ብቻ ተጫውቶ በዜሮ ወጣ። በማግስቱ በሁለተኛው ዙር እንደገና ቀድሞ ገባ። ከቡድን ጓደኛው ከኬ ኤል ራሁል ጋር 201 ነጥብ አስቆጥረው ነው የተለያዩት። እሱ ብቻውን 161 አስቆጠረ፤ መቶን የተሻገረውም ከፍ ብላ የነጠረችውን የአውስትራሊያዊውን ወርዋሪ የሄዝልውድን ኳስ ከጀርባው በኩል አሻግሮ፣ መሬት ሳትነካ ከሜዳው በማስወጣት ነው።