ሌሊት የማይዘጋ ስልክ፦ የማኅበራዊ ሚዲያ መተግበሪያዎች አሠራርና ዲጂታል ጤና በወሎ

አብዛኞቹ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች የሚያድሩት የሰውን ጊዜ ለማስታወቂያ በመሸጥ ነው። ስለዚህ ቁልፎቹ፣ ቀዩ ቁጥርና የማሳወቂያው ድምፅ የተበጁት ሰው ቶሎ እንዲመለስ፣ ከተመለሰም እንዲቆይ ነው። ዲጂታል ጤና የሚባለው ተጠቃሚው በዚህ ግፊት ውስጥ እንቅልፉን፣ ትኩረቱን፣ ስሜቱንና ኪሱን ምን ያህል እንደሚጠብቅ የሚያይ ጉዳይ ነው። በወሎ፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ እስከ ባቲና ወልድያ፣ ነገሩ የራሱ መልክ አለው። ብዙ ቤተሰብ ልጁን ወይም እህቱን ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ዱባይ ልኳል፤ ድምፃቸው የሚሰማውም በኢሞ ወይም በዋትሳፕ ነው።

የሌሊቱ ጥሪ

በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ብዙ ጊዜ ስልኳን የምታነሳው አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ ነው። የሳዑዲና የኢትዮጵያ ሰዓት አንድ ስለሆነ ጥሪው ወሎም የሚደርሰው በእኩለ ሌሊት ነው። እናት ስልኩን አጥፍታ አትተኛም። «ስልክህን ከመኝታ ቤት አውጣ» የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ ቤት ውስጥ ቦታ የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም። ጉዳቱ የሚመጣው ለአንድ ጥሪ ሲባል ክፍት በተተወው ስልክ የቲክቶክ፣ የፌስቡክና የቴሌግራም ማሳወቂያ አብሮ ስለሚገባ ነው። ጥሪው ካለቀ በኋላ ጣት ወደ ቪዲዮው ያመራል። የሌሊት ጥቅል በርካሽ መሸጡም ይገፋፋል።

መፍትሔው ጥሪውን ከሌላው መለየት ነው። አንድሮይድ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 8ኛ እትሙ ጀምሮ የአንድን መተግበሪያ ማሳወቂያዎች በዓይነታቸው ከፍሎ ያስቀምጣል። የመጣውን ማሳወቂያ በጣት ጫን ብሎ መያዝ ወደ ማስተካከያው ያደርሳል፤ እዚያ ጥሪን ትቶ የቀረውን መዝጋት ይቻላል። የቲክቶክንና የፌስቡክን ግን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ነው፤ የሚያመልጥ አስቸኳይ ነገር የለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሰናከለው በባትሪ ቆጣቢው ነው። ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ ስልኮች ከጀርባ የሚሠራን መተግበሪያ ቶሎ ስለሚገድሉ የኢሞ ጥሪ ሳይጮህ ያልፋል። ቤተሰቡም ደንግጦ የዘጋውን ሁሉ መልሶ ይከፍታል። በስልኩ ሴቲንግ ገብቶ ለኢሞ ብቻ የባትሪ ገደቡን ማንሳት ይህን ያስቀራል።

«መጨረሻ የታየችው» የሚለው ምልክትም ሌላ ጭንቀት ነው። ልጅቷ ከ10 ደቂቃ በፊት ገብታ ነበር፣ ግን አልመለሰችም፤ ምን ሆና ይሆን? ምልክቱ የሚናገረው መተግበሪያው መከፈቱን ብቻ ነው፤ ስለ ሰውዬዋ ደህንነት አንዳች አይልም። ዋትሳፕ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 የጀመረው፣ መልእክት መነበቡን የሚያሳየው ሁለቱ ሰማያዊ ምልክትም እንዲሁ ነው። ሁለቱንም ማጥፋት ይቻላል፤ የራሱን የደበቀ ግን የሌላውንም አያይም፤ በቡድን ውስጥ ደግሞ የማንበቢያው ምልክት አይጠፋም። የምትደውልበትን ቀን አስቀድሞ መነጋገር ከማንኛውም ምልክት ይሻላል።

መቆሚያ የሌለው ገጽ

ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለው። በረካው ሲጠጣና ሲመረቅ ሰው ይነሳል። የድሮ ድረ ገጽም ታች ሲደርሱ ያልቅ ነበር። ይህን መጨረሻ ያጠፋው እ.ኤ.አ. በ2006 ኤዛ ራስኪን የሠራው ማለቂያ የሌለው ስክሮል ነው፤ ባለሙያው በኋላ መጸጸቱን በይፋ ተናግሯል። በዚያ ላይ ቀጣዩ ቪዲዮ ጥሩ ይሁን አሰልቺ አስቀድሞ አይታወቅም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስኪነር በእርግቦች እንዳሳየው፣ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሽልማት በቋሚነት ከሚመጣው ይልቅ ያስለምዳል።

ቲክቶክ በሴቲንጉ ውስጥ የ40፣ የ60፣ የ90 ደቂቃ ወይም የ2 ሰዓት ዕለታዊ ገደብ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮም ዕድሜው ከ18 በታች ለሆነ 60 ደቂቃ በራሱ ይሞላል። ይህ ገደብ የሚከሽፈው በታወቁ ምክንያቶች ነው፤ ታዳጊው የልደት ዓመቱን ይጨምራል፣ ወይም በታላቅ ወንድሙ አካውንት ይገባል፣ ወይም የይለፍ ቁጥሩን ራሱ ያወጣና ራሱ ይከፍተዋል። ቁጥሩን ሌላ ሰው ያውጣው።

ሳንቲምና አንበሳ

በቲክቶክ ላይቭ «ባትል» ሁለት ሰዎች ስክሪኑን ተካፍለው ለደቂቃዎች ይፎካከራሉ፤ ተመልካች በስጦታ ነጥብ ያስቆጥራል። ስጦታው የሚገዛው በመተግበሪያው ሳንቲም ነው። «አንበሳ» የተባለው ስጦታ 29,999 ሳንቲም ነው፤ በገንዘብ ሲመነዘር ዓረብ አገር ካሉ ብዙ የቤት ሠራተኞች የወር ደሞዝ በላይ ይሆናል። ዋጋው በሪያል ወይም በብር ተጽፎ ቢሆን እጅ ያመነታ ነበር። ሳንቲሙ ዋጋውን ይሸፍናል፣ ወደ ዜሮ የሚቆጥረው ሰዓት ደግሞ ያጣድፋል። በፕሌይ ስቶር ለእያንዳንዱ ግዢ የይለፍ ቃል እንዲጠየቅ ማድረግ ቢያንስ የማሰቢያ ትንፋሽ ይሰጣል።

ቁጣን ወደ ላይ የሚያወጣ ደረጃ

ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2018 አስተያየትና ማጋራት የበዛበትን ጽሑፍ ወደ ላይ እንዲያወጣ ተቀየረ፤ የሚያስቆጣ ነገር ደግሞ አስተያየት ይበዛበታል። የቀድሞዋ የኩባንያው ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ስለዚሁ አሠራር ለአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም አንስታለች። ከሳምንታት በኋላ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። በእንዲህ ያለ ጊዜ በፌስቡክ «ፊድስ» የሚለውን ክፍል ከፍቶ የጓደኞችን ብቻ በጊዜ ቅደም ተከተል ማየት በአልጎሪዝሙ ከተደረደረው ገጽ ይሻላል።

የአንድን መተግበሪያ የቀን አጠቃቀም የሚገድበውን የአንድሮይድ ሰዓት ቆጣሪ የሚጠቀም ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ቆጣሪው በየቀኑ የሚታደሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፤ የልጅቷ ጥሪ በሚጠበቅበት ሰዓት አዲስ ድርሻ ተከፈተ ማለት ነው። ስለዚህ ቆጣሪው ብቻውን አይበቃም፤ ስክሪኑን ጥቁርና ነጭ የሚያደርገውን የመኝታ ሰዓት ማስተካከያ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መሙላትና ኢሞን በ«አትረብሽ» ውስጥ ከሚያልፉት መተግበሪያዎች መካከል ማስገባት ያስፈልጋል።