ጎጃም ውስጥ የቀመርና የመድኃኒት ብራናዎችን መሰብሰብ

የሳይንስ ታሪክ ብርቅዬ መጻሕፍት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የታተመ ጥራዝ ነው። ጎጃም ላይ ግን ነገሩ ከብራና ይጀምራል። ብራናው ላይ «ሳይንስ» የሚል ርዕስ አትፈልጉ፣ የለም። ባሕረ ሐሳብ፣ አቡሻክር፣ ሄኖክ፣ መጽሐፈ መድኃኒት ብላችሁ ጠይቁ።

ባሕረ ሐሳብ የዘመን ቀመር ነው፣ የአብነት ተማሪ በቃሉ ያጠናዋል። 2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመት ሲደመርበት 7518 ይሆናል፤ ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፣ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ፣ ማለትም የቀጣዩ ስሌት መነሻ ቁጥር፣ 12 ነው። ወንበሩን በ11 አባዝታችሁ በ30 ስትገድፉት (ለ30 አካፍላችሁ ቀሪውን ስትይዙ) የጨረቃ ቆጠራ የሚሠራበት አበቅቴ 12 ይወጣል፣ በ19 አባዝታችሁ ስትገድፉት ደግሞ አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበት መጥቅዕ 18። ሁለቱ ሁልጊዜ ተደምረው 30 ይሆናሉ። ይህን የያዘ ሰው አንድ የቀመር ሰንጠረዥ ፊቱ ሲዘረጋ ጸሐፊው የቱ መስመር ላይ እንደተሳሳተ ወዲያው ያገኛል፤ ለእኔ ከብራናው የሐረግ ሥዕል ጌጥ ይልቅ ደስ የሚለኝ ይሄ ነው።

አቡሻክር በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ የኖረ የቅብጥ ሊቅ ነው፤ የዘመን ቆጠራ ሥራው ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመልሶ መጽሐፉም በስሙ ይጠራል። መጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 72 ጀምሮ ስለ ፀሐይ መውጫና መግቢያ በሮች፣ ስለ ጨረቃም ይናገራል። ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. የዓባይ ምንጭ ከሆነው ግሽ ዓባይ ደርሶ ነበር፤ ከኢትዮጵያ ሲመለስ የሄኖክን ሦስት ቅጂዎች ይዞ ሄደ። በ1790 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ ያሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ዛሬ ራሱ ብርቅዬ ነው። ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ግን ከእሱ በፊት ግሽ ዓባይን ያየው በ1618 እ.ኤ.አ. ነው፣ ብሩስ ይህን አልቀበልም ቢልም።

የመድኃኒት መጻሕፍት ሌላ ዓለም ናቸው። ሥሩ፣ ቅጠሉ፣ ልኩ፣ ከጎኑ ደግሞ ጸሎቱ። ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ የደብተራው የግል ንብረት ስለሆኑም እንዲሁ በቀላሉ አይታዩም። ጠርዛቸው በእጅ ወዝ ጠቁሮ ብታገኙት አትዘኑ፤ በሥራ ላይ ነበሩ ማለት ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ብራና የሚሸጥ ሰው ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ ባዶ ገጾቹን እዩ። «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» (የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን) የሚል ካለ አጠገቡ የባለቤቱ ወይም የደብሩ ስም አለ? ስሙ ተፍቆ ከሆነ አትግዙ። የቅርስ አዋጅ 209/1992 ያለፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፣ እኔ ግን ከዕቃ ቤት የወጣ መጽሐፍ ባሕር ዳር ሳሎን ውስጥ መቀመጡም ያመኛል፤ የሚያነቡት ሰዎች እዚያው ደብሩ ናቸውና።

ስለዚህ ፎቶ ሰብስቡ። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም የተነሡት በዚሁ መንገድ ነው፣ መጽሐፉ ከባለቤቱ ሳይለይ። አስፈቅዱ፣ ገበታውን (የእንጨት ሽፋኑን) ጨምራችሁ ቅጠል ሳትዘሉ አንሡ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጉ። አንዱን ቅጂ እዚያው ለዕቃ ቤት ጠባቂው ትታችሁ ውጡ።