የሴት ምስልና አለባበስ በሥዕል፦ ጅማን መነሻ ያደረገ ዳሰሳ

የሴትን ምስል መሣል በኢትዮጵያ ረጅም ዕድሜ ያለው ሙያ ነው። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (1426–1460 ዓ.ም.) የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን የሣላቸው የእመቤታችን ሥዕሎች ከታወቁት ቀደምት ሥራዎች መካከል ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ማርያም ብዙውን ጊዜ ከራሷ በሚወርድ ሰማያዊ መጎናጸፊያ ተሸፍና ትታያለች፤ የልብሱ እጥፋት በመስመር ይነገራል፣ ገላ ግን ከሥሩ አይታሰብም፤ ምክንያቱም ልብሱ የሚያሳየው ክብርን ነው። የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በአለ ፈለገ ሰላም መሪነት በ1950 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ግን ከሰው አካል መጠንና አቋም መነሣት የሠዓሊው ተራ ልማድ እየሆነ መጣ።

ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ጅማ ለዚህ ጥናት የምትመች ከተማ ናት። በገበያዋ ነጠላ ያጣፋች እናት፣ ሂጃብ የለበሰች ወጣት፣ ሻሽ ያሰረች ነጋዴና ጂንስ የለበሰች ተማሪ ጎን ለጎን ይታያሉ። ሂጃብ አንገትንና ትከሻን አንድ አድርጎ ስለሚሸፍን ፊት ብቻውን ጎልቶ ይወጣል፤ ሻሽ ደግሞ አንገትን አስረዝሞ የራስን ቅርጽ ያሳያል።

ከሁሉም የበለጠ ትኩረት የሚገባው ነጠላ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በአካል ልክ ተቆርጦ የማይሰፋ ስለሆነ ቅርጹን የሚሰጠው አለባበሱ ነው። ወገብ ላይ ሲታሰር፣ ማለትም ሲያደገድጉበት፣ የታዛዥነትና የአክብሮት መልክ ይይዛል፤ ተዘቅዝቆ ጥለቱ ወደ አንገት ሲወጣ ሐዘንተኛ መሆኗን ያስታውቃል። ስለዚህ ጥለቱን ያለ ቦታው የሣለ ሠዓሊ የሴትዮዋን ሁኔታ ለውጦባታል፤ ለጌጥ ተብሎ ጥበቡ ብቻ በጥንቃቄ የሚሣልባቸው፣ ጨርቁ ግን እንደ ካርቶን የሚደርቅባቸው ሥዕሎች ትልቁ ጉድለትም ይኸው ነው።

እጥፋት የሚነሣው ጨርቁ ከሚንጠለጠልበት ወይም ከሚወጠርበት ቦታ፣ ማለትም ከትከሻ፣ ከክርን፣ ከመቀነትና ከጉልበት ነው። ጅማ በታወቀችበት ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቡና የምትቀዳ ሴት ጉልበቷ ከፍ ስለሚል ቀሚሷ በሁለቱ ጉልበቶች መካከል ይረግባል፣ ጀበናውን ባነሣው ክንዷ በኩል ደግሞ ነጠላዋ ተስቦ ይወጠራል። በመሆኑም አካሉ አስቀድሞ በቀላል መስመር መነደፍ አለበት፤ ልብሱ የሚከተለው ኋላ ነው።

ነጭ ጥጥን በነጭ ቀለም ብቻ መሣል አይቻልም። በጅማ የክረምት ደመና ሥር ብርሃኑ ስለሚለሰልስ የእጥፋቱ ጥላ ወደ ግራጫና ሰማያዊ ያደላል፤ ስስ የሆነው ነጠላ አንድ እጥፍ በሆነበት የቆዳውን ወይም የቀሚሱን ቀለም ያሳልፋል፣ በተደራረበበት ግን ይደፍናል። ንጹሑ ነጭ ለመጨረሻው፣ ብርሃን በቀጥታ ለሚያርፍበት ጠርዝ ይቆያል።